ደበሎ፦ የቆሎ ተማሪው የደንብ ልብስ

በልጅነቴ ጧት ጧት ከደጃችን የማይጠፋ ድምፅ ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ከድምፁ ቀድሞ ግን ውሻችን ያውቃል፤ ሽታው ይደርሰዋላ። እናቴ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች ቁራሽ እንጀራ ይዛ ትወጣለች። ደጅ የቆመው ልጅ ከእኔ ቢበልጥ በሁለት በሦስት ዓመት ነው። ራሱ የተላጨ፣ እግሩ ባዶ፣ በእጁ ዱላ፣ በትከሻው አኩፋዳ፣ ከላይ ደግሞ ጸጉሩ ወደ ውጭ የሆነ የበግ ሌጦ። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ይልና ቁራሹን ከአኩፋዳው ከቶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ውሻው እስከ አጥሩ ጥግ እየጮኸ ይሸኘዋል። እኔ ዓይኔ ከልብሱ አይነቀልም ነበር፤ በግ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚለምን ይመስለኝ ነበር።

ያ ልብስ ደበሎ ነው። ከከተማ ልጆች መካከል ስሙን በስድብነት ብቻ የሚያውቁት አይጠፉም። በምሥራቅ ጎጃም ግን፣ በተለይ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ ደበሎ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው። ይህ ትምህርት ቤት ደወልና አጥር የለውም። በየደብሩና በየገዳሙ፣ በየኔታ ጎጆ ዙሪያ ተበትኖ የሚኖር ነው። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ወዲያ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከዚያም መርጡለ ማርያም አሉ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልቦለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ዲማን ለማያውቃት አንባቢ ሁሉ አስተዋውቋታል። የልቦለዱን ባለ ታሪክ የበዛብህን ሕይወት ያነበበ ሰው የቆሎ ተማሪን ኑሮ በከፊል ያውቃል ማለት ነው።

ጎጃም በተለይ የቅኔ አገር ነው። ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለቅኔ ወደ ጎጃም ይኬዳል። ከትግሬም ከሸዋም ከወሎም የተነሣ ልጅ ስንቁን አንግቶ ዓባይን የሚሻገረው ለዚሁ ነው። ከሁለት ቤቱ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ይነሣና እያደገ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ማታ የኔታ የነገሩትን በቃሉ ይይዛል፤ ቀን ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከቋጥኝ ጥግ ደበሎውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። አላፊ አግዳሚው የተኛ እረኛ ሊመስለው ይችላል። ልጁ ግን አንዲት ቃል ከመስመሯ አልገባ ብላው እየተሟገታት ነው።

ደበሎ እንዴት ይሠራል? የበግ ሌጦው ጸጉሩ ሳይነካ ሥጋ በኩል ያለው ገጽ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም እስኪለሰልስ ይታሻል። ቆዳ ማልፋት የምንለው ነው። ያልለፋ ሌጦ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይገተራል፣ ሲንቀሳቀሱበትም ይንኳኳል። አንድ ሌጦ የማይበቃው ሌላ ይቀጥልበታል፤ በአንገት በኩል በጠፍር ይታሠርና ትከሻ ላይ ይጣላል። የበጉም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በጎጃም በሰፊው የሚረባው የዋሸራ በግ ጸጉሩ አጭር ነው፤ ወደ ጮቄ ተራራ ብርድ ሲወጣ የሚገኘው በግ ጸጉሩ ይጠናል። ዋሸራ እንግዲህ የበጉም ስም ነው፣ የታወቀውም የቅኔ ቤት ስም ነው። ቅኔ የለመደ ሰው ይህን በነፃ የተገኘ ኅብረ ቃል ዝም ብሎ ያልፈዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከበላያቸው ቆሟል፤ ከዚያ የሚወርደው የሌሊት ነፋስ ጋቢ ለለበሰም አይመለስም። ተማሪው የሚያድረው በሣር ክዳን ጎጆ፣ በመደብ ወይም በመሬት ላይ ነው። ደበሎው ቀን ልብስ ነው፣ ሌሊት ምንጣፍም ብርድ ልብስም ነው፣ በጉባኤ መቀመጫ ነው፣ በዝናብ ካፖርት ነው። ካፖርትነቱ ላይ እንኳ ብዙ አይመካም። የራሰ ሌጦ ይከብዳል፣ ሽታውም ጎጆውን ሁሉ ያውደዋል። ያደረበት ያውቀዋል።

ሰው ሁሉ ደበሎን የድህነት ልብስ ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ድሃማ ገበሬውም ነበር፤ እሱ ግን ቁምጣና ጋቢ እንጂ ደበሎ ለብሶ ገበያ አይወጣም። ደበሎ ሥርዓት ነው። ከባለ ብዙ ጋሻ መሬት ቤት የመጣውም፣ ከጭሰኛ ቤት የመጣውም፣ አባቱ መሪጌታ የሆነውም ከየኔታ ፊት ሲቀመጥ አንድ ዓይነት ሌጦ ይለብስ ነበር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከልብሱ አይታወቅም ነበር። ብዙዎቹማ ከቤታቸው የጠፉት ከወላጅ ተደብቀው ስለሆነ፣ እንዳይታወቅባቸው ይፈልጉም ነበር። ሊቃውንቱን ብትጠይቋቸው ደግሞ የጳውሎስን መልእክት ወደ ዕብራውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 37ን ይጠቅሱላችኋል፤ የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው ስለ ዞሩት ስለ ቀደሙት ጻድቃን የሚናገረውን ማለት ነው። ተማሪው የነሱን ፈለግ ይከተላል። ተመርቆ መሪጌታ ሲሆን፣ ወይም ክህነት ሲቀበል፣ ነጠላና ጥምጥም ይተካል፤ ደበሎው ለታናሹ ይተላለፋል። ልብሱ የጊዜ ልብስ ነው፤ ገብተህ የምትወጣበት።

የደንብ ልብስ ለብሶ ከሰው ደጅ የሚቆም ወጣት በሌላ ዓለምም አለ። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርገው፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ምልክት ለጥፈው በየአገሩ ይዞራሉ። ዕድሜያቸው ከቆሎ ተማሪው ብዙ አይርቅም፤ ከ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ወንዶቹ በ18 ዓመታቸው መውጣት ይችላሉ። እነሱ ሊሰጡ ይመጣሉና እንዲከበሩ ሆነው ይለብሳሉ። የእኛው ሊለምን ይመጣልና ዝቅ ብሎ ይለብሳል። የነሱም ልብስ ግን እየተለወጠ ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሴቶቹ ሱሪ እንዲለብሱ ተፈቀደላቸው፤ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ትንኝ ከምታስተላልፈው በሽታ መጠበቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአንዳንድ አገሮች ሰማያዊ ሸሚዝ መልበስና ከረባት መተው ለወንዶቹ ተፈቀደ። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እዚያ ደንቡ እንዲላላ ካደረጉት ነገሮች አንዷ ትንኝ ናት፤ እዚህ ደግሞ ቅማል።

ነገሩን ላብራራው። ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያዛምተው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው ገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በጠባብ ጎጆ ተጠጋግቶ በሚያድርበት፣ ልብስ መቀየሪያ በሌለበት ቦታ ይረባል። የቆሎ ተማሪ ጎጆ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የአብነት ተማሪዎች በግርሻ ከሚጠቁት ወገኖች ተርታ ናቸው። መድኃኒቱ አለ፤ መከላከያውም ቀላል ነው፣ ልብሱን በፈላ ውኃ መቀቀል። ጨርቅ ይቀቀላል። ሌጦን ግን ቀቅሉት እስቲ! ተሸብሽቦ፣ ተኮማትሮ፣ ለሕፃን እንኳ የማይበቃ ሆኖ ይወጣል። የጤና ባለሙያውና ደበሎው ያልተስማሙት እዚህ ላይ ነው። እኔም ብሆን ለባለሙያው እፈርድለታለሁ።

ከደበሎው በላይ የሚቆጨኝ ግን እግሩ ነው። በባዶ እግር መሄድ የሥርዓቱ አካል ተደርጎ ኖሯል። የጎጃም ደጋ ደግሞ ቀይ አፈር ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ። ይህ አፈር በባዶ እግር ዓመታት ሲረግጡት ደቃቁ ነገር በቆዳ ሠርጎ በአንዳንድ ሰው ላይ እግርን ያሳብጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች በተደረገ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች 3.3 በመቶው ይህ የእግር እብጠት ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ ሰው ሦስቱ ማለት ነው። በሽታው የእርግማን ወይም የዘር ጣጣ ተደርጎ ብዙ ሰው ከጋብቻና ከማኅበር ተገልሎበታል፤ መከላከያው ግን እግርን ታጥቦ ጫማ ማድረግ ነው። ስለዚህ አንድ የቆሎ ተማሪ ባለ አምስት ቀለም ኮንጎ ጫማ አድርጎ ሳየው የጥንቱ ሥርዓት ጠፋ ብዬ አላዝንም። ዘገየ እንጂ።

ዛሬ በሞጣ ገበያ ቀን ቆማችሁ ብትመለከቱ የምታዩት ድብልቅ ነው። አንዱ ሹራብ ላይ ነጠላ ጣል አድርጓል። አንዱ የሳልባጅ ጃኬት ለብሶ አኩፋዳውን በጀርባ ቦርሳ ለውጧል። አንዱ አበባ የታተመበት ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደርቧል፤ ጧት ዩኒፎርም ለብሶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ቆይቶ ከሰዓት ወደ የኔታ የሚሄድም አለ። ደበሎ የለበሰውም ጨርሶ አልጠፋም፤ ከከተማ እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ይበዛል። ማኅበረ ቅዱሳንን የመሳሰሉ ማኅበራት ለአብነት ትምህርት ቤቶች ልብስም፣ ምግብም፣ መኖሪያም እያቀረቡ ነው። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን ድሮ ሌጦው የሸፈነው ልዩነት አሁን ገሃድ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ አጎት ያለው ተማሪና ማንም የሌለው ተማሪ ከሩቅ ይለያሉ።

አንድ ግርምት ልጨምር። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በስስነቱና በጥንካሬው በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገር ውስጥ ገበያው ወድቆ፣ በየበዓሉ ማግስት ሌጦ በየመንገዱ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ይውላል። በግ የሚያርድ ቤት አላነሰም፤ ሌጦውን ግን የሚፈልገው የለም። የሚያለፋውም ሰው ቁጥሩ ሳስቷል። ደበሎን የተካው ብርድ ልብስ ግን ከውጭ በዶላር ይመጣል። ደበሎን የገደለው ዘመናዊነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ርካሽ ፖሊስተር ይበልጥ ገድሎታል እላለሁ።

ከተሜው ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። ተማሪ ነኝ እያለ የሚለምን አስመሳይ በዝቷልና፣ ሹራብ ለብሶ የመጣውን ልጅ «ደበሎህስ የታለ?» ብሎ የሚመልስ ባለ ቤት አለ። ደበሎ የመታወቂያ ወረቀት ሆኗል ማለት ነው። ግን ሌጦ መግዛት ማንን ያቅተዋል? የበግ ለምድ ለብሶ የሚመጣ ሌላ ነገር እንዳለ ወንጌሉ ከነገረን ቆየ። ተማሪ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ልብሱን ትታችሁ ጉባኤ ቃና ጠይቁት። ቤቱን ቢያበላሽ እንኳ ሲያምጥ ታዩታላችሁ፤ አስመሳዩ ግን ወደሚቀጥለው በር ይቸኩላል።

ወደ ዲማ፣ ወደ ደብረ ወርቅ ወይም ወደ ሞጣ ደብሮች የምትሄዱ፣ ለተማሪው አንድ ነገር ላድርስ ያላችሁም እንደሆነ፣ ያረጀ ኮታችሁን ቤታችሁ ተዉት። ሽፍን ጫማ በየቁጥሩ፣ የገላና የልብስ ሳሙና፣ ልብስ መቀቀያ ትልቅ በርሜልም ይዛችሁ ሂዱ። የደበሎውን ነገር ለየኔታ ተዉላቸው።