የቆየ ሮሌክስ ሰዓት ዕድሜ ከቁጥሩና ከምልክቶቹ እንዴት ይታወቃል?

ከአባት የተወረሰ ወይም ከውጭ ሀገር የተላከ የቆየ የሮሌክስ ሰዓት ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የተሠራበት ዘመን ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ ውድ ንብረቱን በርካሽ ሊሰጥ፣ ገዥም ከተለያዩ ሰዓቶች የተገጣጠመውን እንደ ወጥ ቆጥሮ ሊከፍል ይችላል።

በቆዩት የሮሌክስ ሰዓቶች ላይ ተከታታይ ቁጥሩ የሚገኘው ማሰሪያው በሚያያዝባቸው ሁለት ቀንዶች መካከል፣ በ6 ቁጥር በኩል ነው። በ12 ቁጥር በኩል ያለው የሞዴሉ መለያ እንጂ የዕድሜው ምስክር አይደለም። ሁለቱንም ለማየት ማሰሪያው መውለቅ ስላለበት ሥራውን ለሰዓት ሠሪ መተው ይሻላል።

ተከታታይ ቁጥሩ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ አንድ ሚሊዮን ከተጠጋ በኋላ እንደገና ከዝቅተኛ ተጀምሯል። በመሆኑም ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ብቻውን ሁለት ዘመኖችን ሊያመለክት ይችላል። ከ1987 ጀምሮ በቁጥሩ ፊት የላቲን ፊደል ገባ፤ የመጀመሪያዎቹ «አር»፣ «ኤል»፣ «ኢ» እና «ኤክስ» ሲሆኑ ከስሙ ፊደላት የቀረችው ከዜሮ ጋር የምትመሳሰለው «ኦ» ብቻ ናት። ከ2010 ገደማ ወዲህ ግን ቁጥሩ ያለ ቅደም ተከተል ስለሚሰጥ ዓመትን አይናገርም። ዓመትን ከቁጥር ጋር የሚያዛምዱት ሰንጠረዦችም የነጋዴዎችና የሰብሳቢዎች ሥራ በመሆናቸው በአንድ ሁለት ዓመት ይለያያሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነጥብ፣ ይህ ቁጥር የሚመሰክረው ለቀፎው ብቻ መሆኑ ነው። ገጹ፣ ጠቋሚዎቹና ማሰሪያው በጥገና ጊዜ ሊለወጡ ይችላሉ። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን አይቶ በዚያ አይረካም፤ የቀንዱንም ቀለበት ይመለከታል። ሰዓትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ምስክር በገጹ ግርጌ፣ ከ6 ቁጥር በታች ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ነው። «ስዊስ» ከሚለው ቃል ጋር «ቲ» የምትል የላቲን ፊደል ካለች፣ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለበት ማለት ነው። ሮሌክስ ይህን ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ ተጠቅሞበታል። ከዚያ ለአጭር ጊዜ «ስዊስ» ብቻ፣ ቀጥሎም «ስዊስ ሜድ» ተጻፈ። ስለዚህ ቁጥሩ 1970ን የሚያመለክት፣ ገጹ ግን ያለ «ቲ» «ስዊስ ሜድ» የሚል ሰዓት ገጹ በኋላ ተለውጧል። ሰዓቱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ለሰብሳቢ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። የ1970 ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ደምቆ ካበራ፣ ቀለሙ አዲስ ነው።

ባለ 18 ካራት ወርቅ በሆኑት ላይ የስዊዘርላንድ መንግሥት ማኅተምም ይረዳል፤ እስከ 1995 የሴት ራስ ሲሆን ከዚያ ወዲህ የውሻ ራስ ነው።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ከመዝገባቸው የተሠራበትንና የተሸጠበትን ጊዜ የሚገልጽ ማስረጃ በክፍያ ይሰጣሉ። ፓቴክ ፊሊፕ አንዱ ነው። በ1954 የተሠራውና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የዚህ ፋብሪካ ሰዓት በ2015 በባለቤትነት ክርክር ከጨረታ ወጥቶ፣ በ2017 በጄኔቫ 2 ነጥብ 9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተሸጧል።

ሰዓቱን ከመሸጥ በፊት ማስወልወል አይመከርም፤ መወልወያው ቁጥሩንም ማኅተሙንም ይበላል።