የጓሮ ጎመናችን ምን ይበላል?



የክረምቱ ዕረፍት እየቀረበ ነው። ብዙዎቻችን ወደየቤተሰቦቻችን ስንመለስ ሁለት ወር ያህል ጊዜና ብዙ ዝናብ ይጠብቀናል። ከቤት ጀርባ ያለች ሁለት ካሬ ሜትር መሬት፣ እርሷም ከሌለች በግቢ ጥግ የሚደረደሩ ጥቂት አሮጌ ጀሪካኖች፣ ለቤተሰብ የሚሆን ጎመንና ቆስጣ ሊሰጡን ይችላሉ። ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ይህ ለእናቶቻችን ትንሽ እገዛ አይደለም። ምንዳም አለው። አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ነገር ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ይሁን እንጂ ችግኝ መትከል ብቻውን አይበቃም። ብዙ ጊዜ የጓሮ ተክል የሚጠፋው ተርቦ ሳይሆን አላግባብ ተመግቦ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ እንጨምራለን፤ ሲብስበት ደግመን እንጨምራለን፤ በመጨረሻም ይደርቃል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ተክሉ አምሮ አድጎ፣ የበላበት ነገር ግን ለእኛ ጤና የማይሆን ሲሆን ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ተክል ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚበቃውና ምግቡ እንዴት ንጹህ ሊሆን እንደሚችል በአጭሩ እንመለከታለን።

ተክል ምግቡን ከየት ያመጣል?

አብዛኞቻችን ተክል የሚሠራው ከአፈር ይመስለናል። ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ የፍላንደርስ ሐኪም ይህን ለመፈተን 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር በትልቅ ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ ከ2 ኪሎ ትንሽ የምትበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለ። ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏ ከ76 ኪሎ በላይ መዘነች፤ አፈሩ ግን የቀነሰው 60 ግራም ያህል ብቻ ነበር። ውጤቱ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1648 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እርሱ ዛፏ ሙሉ በሙሉ ከውሃ የተሠራች መሰለው። ዛሬ እንደምናውቀው ግን የተረሳ አንድ ነገር ነበር፤ አየሩ። ተክል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ ወስዶ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። የተክሉ ደረቅ ክብደት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ከአፈር የሚወስዳቸው ማዕድናት መጠናቸው በጣም ጥቂት ነው፤ ያለ እነርሱ ግን ምንም አይሆንም። ነገሩ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ካልገባም አይበላም፣ ከበዛም አይበላም።

ከዚህ የምንይዘው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ ማዳበሪያ ከማሰባችን በፊት ብርሃን እናስብ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ቲማቲም ምንም ቢመገብ አያፈራም። ጎመንና ቆስጣ ከፊል ጥላን ይችላሉ።

ሦስቱ ዋና ምግቦች

ከአፈር ከሚወሰዱት ውስጥ በብዛት የሚፈለጉት ሦስት ናቸው። ናይትሮጅን ቅጠልና ግንድ ያሳድጋል። ፎስፈረስ ለሥር፣ ለአበባና ለዘር ያገለግላል። ፖታሺየም ተክሉ ውሃውን እንዲቆጣጠር፣ ፍሬው እንዲያምርና በሽታን እንዲቋቋም ይረዳል።

ተክሉ የጎደለውን ራሱ ይናገራል። ከሥር ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን ጎድሎታል፤ ምክንያቱም ተክሉ ያለውን ናይትሮጅን ከአሮጌው ቅጠል አንስቶ ለአዲሱ ይሰጣል። የቅጠሉ ጀርባ ወደ ሐምራዊ ካደላና ዕድገቱ ከዘገየ ፎስፈረስ መጠርጠር አለበት። የአሮጌ ቅጠሎች ጠርዝ ብቻ እንደተቃጠለ ቡናማ ከሆነ የፖታሺየም እጥረት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ቃሪያው ወይም ቲማቲሙ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንዠርግጎ አበባ ካላወጣ ናይትሮጅን በዝቶበታል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በክረምት ቢጫ ቅጠል ሁልጊዜ የረሃብ ምልክት አይደለም። ውሃ የተኛበት ሥር አየር ስለማያገኝ ምግብ እያለ መውሰድ ያቅተዋል። በተለይ ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እንክተት። ጭቃ ከሆነ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ሳይሆን ቦይ ነው። በጀሪካን የምንተክል ከሆነም ከታች በቂ ቀዳዳ መኖሩን እናረጋግጥ።

ሲበዛ ለምን ያቃጥላል?

ለሰላጣ በተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ስንነሰንስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሳህኑ ውሃ ያቁራል። ጨው ውሃን ከቲማቲሙ ውስጥ ስቦ አወጣው። ማዳበሪያም በአፈር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሥሩ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተክሉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠማል፤ የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል፤ እኛም የራበው መስሎን እንጨምርበታለን።

መጠኑን በስሌት እንየው። ለዓመታት ለአገራችን ገበሬዎች ይሰጥ የነበረው አጠቃላይ ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው ዩሪያ 10 ግራም ብቻ ነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አፉ ለተቆረጠ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1 ግራም ገደማ፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃዋል። አንድ እፍኝ ዩሪያ በአንድ ችግኝ ሥር መበተን ችግኙን መግደል ነው።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የግድ ከተጠቀምንበት መጠኑን ለሁለት ከፍለን ግማሹን ችግኙ ከተዛወረ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ግማሹን ደግሞ ከወር በኋላ እንስጥ። በአንድ ጊዜ የተሰጠውን የሐምሌ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። ከግንዱ ጥቂት ጣት ያህል ርቀን በአፈር እንሸፍነው፤ ላይ ላዩን ከቀረ ወደ አሞኒያ ተለውጦ በአየር ይጠፋል።

ፍግና ኮምፖስት

ለጓሮ የሚሻለው ግን ተክሉን ሳይሆን አፈሩን መመገብ ነው። በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ብስባሹን ቀስ በቀስ ይፈቱታል፤ ተክሉም በልኩ ይወስዳል። ብስባሽ ያለበት አፈር ውሃ ይይዛል፤ ሲዘንብም አይደድርም።

ይህ ዕውቀት ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ ጡለይጢላ የኖሩት ኢብኑ በሷል፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የኢሽቢሊያው ኢብኑል ዐዋም በእርሻ ላይ በጻፏቸው መጻሕፍት ለአፈር ዓይነቶችና ለፍግ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። በመስጂድ ከሚነገሩት ሥራዎች ጎን ይህም የአባቶቻችን ዒልም ነው።

ኮምፖስት ለመሥራት አንድ እጅ እርጥብ ነገር፣ ማለትም የአትክልት ልጣጭ፣ አረም፣ የቡና አተላና ፍግ፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ገለባ፣ የደረቀ ቅጠልና የተቀደደ ካርቶን ጋር እየደራረብን እንከምራለን። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን። ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ውስጡ ይግላል። በየሁለት ሳምንቱ እናገላብጠው፤ ዝናቡ እንዳያጥበው በላስቲክ እንሸፍነው። ሥጋና ቅባት አናስገባ፤ አይጥ ይጠራል። ሽታው አፈር አፈር ሲል ደርሷል። ወራት ስለሚወስድ ዛሬ የጀመርነው ለዚህ ክረምት አይደርስም፤ አሁን የምንጠቀመው ከበረት ጥግ ያለውን የቆየና የበሰበሰ ፍግ ነው። የዶሮ ኩስ በናይትሮጅን የበለጸገ ስለሆነ ጥሬውን ከተጠቀምንበት ያቃጥላል።

የምድጃ አመድም ፖታሺየምና ካልሲየም አለው። እንደ ጅማና ወለጋ ባሉ ዝናብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች አፈሩ አሲዳማ ስለሚሆን በካሬ ሜትር አንድ እፍኝ አመድ ይጠቅማል። ከዩሪያ ጋር ግን አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑን ያባርረዋል።

ንጽሕናው፣ በፊቅህም በጤናም

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ በፍግ ያደገ ጎመን እንዴት ይታያል? ሥጋቸው የሚበላ እንስሳት ፍግ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ ጧሂር ነው፤ በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ ነጃሳ ነው። ነገር ግን ነጃሳ ነው የሚሉትም ለመሬት መጠቀምን አልከለከሉም። ከአፈሩ የበቀለው ተክልም በአብዛኞቹ ዑለማ ዘንድ ጧሂር ነው፤ ላዩን ነጃሳ ከነካው ይታጠባል። በሐንበሊ መዝሀብ የታወቀው አቋም ግን በነጃሳ የተመገበ ሰብል በንጹህ ውሃ ካልጠጣ አይበላም የሚል ነው። ዝርዝሩን ከአካባቢያችሁ ዑለማ ጠይቁ። ለሶላት ግን የጓሮ ልብስና ጫማ ለብቻ መያዙ ከጭንቀት ያድናል።

የጤናው ጉዳይ ደግሞ የማይታለፍ ነው። ጥሬ ፍግ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የጥገኛ ትል እንቁላል ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ጥሬ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ አፈር የሚነካ ሰብል እስኪሰበሰብ ቢያንስ 120 ቀን እንዲቆይ ያዛል። ይህ አራት ወር ነው፤ ከክረምታችን ይረዝማል። ስለዚህ በጥሬ ፍግ ያደገ ሰላጣ በጥሬው መብላት የለብንም። በደንብ የጋለ ኮምፖስት፣ ማለትም ለቀናት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የቆየ፣ አብዛኞቹን ተሕዋስያን ይገድላል።

ማጠብም መቀቀልም የማያስወግደው ነገርም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። እነዚህ ከፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ቅጠል ይገባሉ። ተክል የሰጠነውን ይበላል፤ እኛም እርሱን እንበላለን። ስለዚህ የመንገድ ዳር አፈር፣ ጋራዥ አጠገብ ያለ መሬት፣ ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ለምግብ ተክል አይሁን።

ውሃው

ዝናብ በሚጠፋባቸው ቀናት የውዱእ ውሃ አለን። ሳሙና የሌለበት ከሆነ ለተክል ምንም አይልም። በአገራችን በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ ለግዴታ ውዱእ ያገለገለ ጥቂት ውሃ ዳግም ውዱእ አይደረግበትም እንጂ ጧሂር ነው። ሳህን ወይም ባልዲ ከሥር ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር እናስታውስ፤ ባልዲው ቶሎ ከሞላ እርሱም ለእኛ መልእክት አለው።

በዚህ ክረምት ምን እንትከል?

ለጀማሪ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይሻላሉ። ጎመን ችግኙ ከተዛወረ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ቅጠል መስጠት ይጀምራል፤ የታችኛውን እየቀነጠስን የላይኛውን ከተውንለት ለወራት ይመግበናል። በችግኞቹ መሐል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር እንተው። ቲማቲም በክረምት ዝናብ በዋግ በሽታ ስለሚጠቃ ለበጋ ቢቆይ ይመረጣል። ጥግ ላይ ጥቂት አደንጓሬ ብንዘራ ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል። ወደ ግቢ ከመመለሳችን በፊት ደግሞ ለታናናሾቻችን መጠኑንና ጊዜውን እናሳያቸው፤ ጓሮው ከእኛ ጋር እንዳይቆም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 141ኛው አንቀጽ ከፍሬው እንድንበላ፣ በሚሰበሰብበት ቀን ሐቁን እንድንሰጥና እንዳናባክን አዞናል። ወሰን አለማለፍ ከማዳበሪያው ይጀምራል፤ ሐቁን መስጠት ደግሞ ከመጀመሪያው እቅፍ ጎመን። ለጎረቤታችን፣ ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ የመጀመሪያውን ቅጠል እናድርስ።

አላህ በእጃችን ሥራ በረካ ያድርግልን። መልካም የክረምት ጊዜ!