ታዳጊዎችና የኢንተርኔት ስማቸው፦ ተረትና እውነታ

ቲክቶክም ሆነ ኢንስታግራም አካውንት ለመክፈት የሚጠይቁት ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ዓመት ነው። የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አመልካቹ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች እንዲዘረዝር ይጠይቃል። አስሉት እንግዲህ፤ በ18 ዓመቱ ለትምህርት ወደዚያ ለመሄድ የሚያመለክት ወጣት በ13 ዓመቱ የከፈተውን አካውንት ጭምር ሊያስመዘግብ ነው። ከጁን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉም ተጠይቀዋል። ልጆች በኢንተርኔት ላይ የሚኖራቸው ስም የጨዋታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚሁ ጉዳይ በየቤቱ የሚነገረው ግን ብዙው ስህተት ነው።

ተረት፦ «ልጄ አካውንት የላትም፤ እሷን አይመለከታትም»

የብዙ ልጆች ስምና ፊት ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ልጆቹ ስልክ ከመያዛቸው በፊት ነው። የምናወጣውም እኛው ነን። የልደት ኬክ ከነቀኑ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከነባጁ፣ የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከነመለያ ቁጥሩ «እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ» ተብሎ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ደስታው የሚገባ ነው። ነገር ግን በአንድ ፎቶ ብቻ የልጅቷ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ትምህርት ቤቷና የፈተና ቁጥሯ ለማያውቋት ሰዎች ሁሉ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ልጅ ሲያለቅስ፣ ሲቆጣ ወይም ሲቀጣ ቀርጾ ለሳቅ መልቀቅ ነው። ያ ቪዲዮ ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ በክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ የጠነከረ ነው፦ ነገሩን የሚረዳ ልጅ ሳይጠየቅ ፎቶው መለጠፍ የለበትም። ሲጠየቅ ያደገ ልጅ የጓደኛውንም ፎቶ ከመልቀቁ በፊት መጠየቅን ይለምዳል።

ተረት፦ «ለጓደኞቼ ብቻ ነው የላክሁት፤ ደግሞ አጥፍቼዋለሁ»

ይህን የሚሉት ልጆቹ ናቸው፤ ከልባቸውም ያምኑበታል። የክፍል ልጆች በሚያወሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው ስክሪንሾት ካነሳ ወይም ፎርዋርድ ካደረገ ግን ነገሩ ከላኪው እጅ ወጥቷል። ስናፕቻት የታወቀው መልእክቱ ታይቶ በመጥፋቱ ነበር፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ግን ይህ ተስፋ ተጠቃሚዎችን ያሳስታል ብሎ ከሰሰው፤ ጉዳዩም በ2014 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏቸው የነበሩ ቢያንስ አሥር ተማሪዎችን ቅበላ ሰረዘ። ምክንያቱ በፌስቡክ ግሩፕ የተለዋወጧቸው ነውረኛ ምስሎችና ቀልዶች ነበሩ። ግሩፑ ለአባላቱ ብቻ የተከፈተ ነበር።

ይህን ለልጆች መንገር ተገቢ ነው፤ «አንዴ ከለጠፍክ አበቃልህ» ብሎ ማስፈራራት ግን ጉዳት አለው። ቀድሞ የተሳሳተ ልጅ ተስፋ ይቆርጣል። የ14 ዓመት ልጅ የለጠፈው አጉል ጭፈራ ሕይወቱን አያበላሽም። የራስን ልጥፍ ማጥፋት፣ ታግ የተደረጉበትን ማንሳት፣ የለጠፈውን ጓደኛ «አንሳልኝ» ማለት ሁሉ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

ተረት፦ «ጨዋ ልጅ ምንም አይለጥፍም»

ብዙ የማይጠረጠር፣ ግን ብዙ የሚጎዳ እምነት ይህ ነው፤ በተለይ ለሴት ልጆች ይነገራል። ዝምታ መጥፎ ስም አያመጣም፤ መልካም ስምም አይሠራም። የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ ተቋም ወይም ቀጣሪ ስሟን ሲፈልግ የሚያገኘው ሌሎች ስለእሷ የለጠፉትን ብቻ ይሆናል። ልጅቷ ራሷ የሠራችው ነገር የለም።

መልካም ገጽታ ከተከታይ ብዛት ጋር መምታታት የለበትም። ሌላ ሰው ከፍቶ የሚያየው፣ የሚጠቀምበት ሥራ ማለቴ ነው። ስክራች የተባለው ልጆች ፕሮግራም የሚማሩበት ነጻ መድረክ በአማርኛ ይሠራል። ልጆች እዚያ ያዘጋጁትን ጨዋታና ታሪክ ያጋራሉ፤ መድረኩም በእውነተኛ ስማቸው እንዳይመዘገቡ ይመክራል። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ሥራው ይታያል፣ የልጁ ማንነት ይጠበቃል፤ ሲያድግ «ይህ የእኔ ነው» ማለት ይችላል።

ሌላው አማርኛ ዊኪፔዲያ ነው። በእንግሊዝኛው ከሰባት ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩ የእኛው ያለው 15 ሺህ አካባቢ ነው። ስለ ከተማው፣ ስለ አካባቢው ወንዝ ወይም በክፍል ስለተማረው የሳይንስ ርዕስ ምንጭ ጠቅሶ የሚጽፍ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ክፍተቱን ይሞላል። ያደረገው እያንዳንዱ ማስተካከያም ከነቀኑ በገጹ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል። የልጁን ትጋት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ሒሳብ በአማርኛ የሚያስረዱ አጫጭር ቪዲዮዎች፣ የሥዕል ስብስብ፣ የመጽሐፍ አስተያየትም እንዲሁ ናቸው። ወላጅ ፕሮግራም ማወቅ አይጠበቅበትም። ልጁ የሚወደው ምን እንደሆነ ጠይቆ፣ የሠራውን ቁጭ ብሎ ቢያይለት ትልቅ ነገር ነው።

ተረት፦ «ገና ልጅ ነው፤ ሕግ አይነካውም»

በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ልዩ እርምጃ ይወሰድባቸዋል። ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ዕድሜው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ነጻ አያወጣውም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ሥርዓት ሰውን ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን በወንጀል ያስቀጣል። ለዚህ ስልክም እንደ ኮምፒዩተር ነው። የክፍል ጓደኛን ለማዋረድ የተከፈተ ቻናል «የልጆች ነገር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ተረት፦ «የይለፍ ቃሉን ይዣለሁ፤ ካጠፋ ስልኩን እቀማዋለሁ»

የይለፍ ቃሉ የተያዘበት ልጅ ወላጅ የማያውቀው ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል፤ ለመክፈት ደቂቃዎች ይበቁታል። ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ቲክቶክና ኢንስታግራም የወላጅን አካውንት ከልጁ ጋር የሚያገናኝ አሠራር አላቸው፤ ልጁ እያወቀው የሚደረግ ስለሆነ ይሻላል።

የቅሚያው ጣጣ ግን ከዚህም ይከፋል። በዕድሜ የምትቀራረበው ልጅ መስሎ የሚቀርብ አጭበርባሪ ልጁን የዕርቃን ፎቶ ያስልከውና «ገንዘብ ላክ፤ አለዚያ ለቤተሰብህና ለጓደኞችህ እልከዋለሁ» ይለዋል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንደሚለው የዚህ ወንጀል ዋና ዒላማዎች ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው። ስልኩ እንደሚቀማ የሚያውቅ ልጅ ለማንም አይናገርም፤ አስፈራሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ዝምታ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ገንዘብ አይላክም፤ አንዴ የከፈለ ደግሞ ይጠየቃል። የአካውንቱን ስምና ንግግሩን ስክሪንሾት አንስቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ብሎክ ማድረግ፣ ለመተግበሪያውና ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። ከ18 ዓመት በፊት ለተነሱ ፎቶዎች «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለ ነጻ አገልግሎት አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በኩል ነው። ፎቶው ከልጁ ስልክ አይወጣም፤ የሚላከው ፎቶውን የሚለይ የቁጥር አሻራ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻት በዚያ አሻራ ተመርተው ፎቶውን ፈልገው ያነሳሉ። ከአገልግሎቱ ጋር በማይሠሩ መተግበሪያዎች ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ቀድሞ መናገር ዋጋ አለው።

ወላጆች፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ለልጃችሁ ቃል ግቡለት፦ «የሚያስፈራህ ነገር ቢገጥምህ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ ስልክህን አልቀማህም፣ አልቆጣህም።» በተናገረ ቀንም ቃላችሁን ጠብቁ።