ክለብ ልጅን ሲጠይቅ ወላጅ ምን ይበል?

በወለንጪቲም ሆነ በአዳማ ልጁ በሩጫ ወይም በኳስ የጎበዘለት ወላጅ አንድ ጭንቀት አይቀርለትም፤ ክለብ ልጁን ሲጠይቅ ትምህርቱስ? ስጋቱ አዲስ አይደለም። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አባትም ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። ኃይሌ ግን በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። ይሁንና ሁሉም ኃይሌ አይሆንም፤ እግር ይጎዳል፣ ክለብም ይፈርሳል። ስለዚህ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ልጁ የት ይማራል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ውሉ ስንት ዓመት ያስረዋል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል። ልጁንም ያነጋግረው፤ የሚሮጠው እሱ ነውና። እኛ የነገ መምህራንም ወላጅ ሊያማክረን ሲመጣ «ይሂድ» ወይም «ይቅር» ለማለት አንቸኩል፤ ውሉን አብረን እናንብብለት።