የኳርተርባኩ ሳንዲ ስቲቨንስ ታሪክ

እኛ «እግር ኳስ» ብለን የምንጠራውን ጨዋታ አሜሪካኖች «ሶከር» ይሉታል። እነርሱ «ፉትቦል» የሚሉት ግን ሌላ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ የሚያዘውም በእጅ ሲሆን በእግር የሚመታው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ታዲያ ስሙ ስለምን ከእግር ጋር ተያያዘ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ዳሩ ግን የዛሬው ጉዳያችን ከዚህ የጠነከረ ስለ ሆነ እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። የሜዳው ርዝመት ከመስመር እስከ መስመር 100 ያርድ፥ ማለት 91 ሜትር ያህል ነው። ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ ውስጥ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለተቃራኒው ይተላለፋል። ኳሱን ይዞ የተቃራኒውን የመጨረሻ መስመር ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ላይ ኳሱን ከመሃለኛው ተጫዋች እጅ የሚቀበለው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። እርሱም ኳሱን ለሯጭ ይሰጣል፥ ወይም አርቆ ይወረውራል፥ ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። በ1960 ገደማ ደግሞ ቀጥሎ ምን ዓይነት ሙከራ እንደሚደረግ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው እርሱ ነበር። ጓደኞቹ ክብ ሠርተው፥ አጎንብሰው ትእዛዙን ይሰማሉ፤ ከዚያም እንደ ትእዛዙ ይፈጽማሉ። እንግዲህ ኳርተርባክ ማለት በሜዳ ላይ የሚያዝዝ ሰው ማለት ነው።

ውድ አንባቢዎች፥ ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ጥቁሮች በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ እንዲሮጡ፥ እንዲከላከሉና እንዲገፉ ከተፈቀደላቸው በኋላ እንኳ፥ ይህ የማዘዣ ቦታ ለረጅም ዘመን ተዘግቶባቸው ነበር። የዚያን በር አንዱን ክንፍ ከፍቶ በሌላው ክንፍ ላይ የተጋጨው ሳንዲ ስቲቨንስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስቲቨንስ በ1940 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ዩኒየንታውን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ከፒትስበርግ በስተደቡብ የምትገኝ፥ ኑሮዋ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ጋር የተያያዘ ነበር። ከእርሱ በአንድ ዓመት የሚበልጠው ዝነኛው ኤርኒ ዴቪስም የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈው በዚያችው ከተማ ከአያቶቹ ዘንድ ነው። ከአንዲት ትንሽ የከሰል ከተማ ሁለት እንደዚህ ያሉ ልጆች መውጣታቸው እጅግ ያስደንቃል፤ ወደ ዴቪስ በኋላ እንመለሳለን።

በ1958 ስቲቨንስ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝባቸው የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ከተሞች ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩባቸው ስማቸው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የቡድኑ አሠልጣኝ መሬይ ዋርማዝ ይባል ነበር። ይህ ሰው የደቡብ አገር ሰው ነው፤ በቴነሲ ግዛት ተወልዶ ያደገ፥ በሚሲሲፒም ያሠለጠነ ነበር። በእነዚያ ግዛቶች ደግሞ በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ተማሪ በአንድ ቡድን መሰለፍ ይቅርና በአንድ ክፍል መቀመጥም አልተለመደም። ዋርማዝ ግን በየአገሩ ያሉትን ጎበዝ ጥቁር ልጆች ወደ ሚኒሶታ ጠራ። ከነዚህም አንዱ ከሰሜን ካሮላይና የመጣው ቦቢ ቤል ነው። ቤልም በትምህርት ቤቱ ኳርተርባክ ነበር፤ ቦታው በስቲቨንስ ስለ ተያዘ ግን ወደ ፊተኛው መስመር ተዛውሮ በዚያ ከአገሩ ምርጦች አንዱ ሆነ።

የመጀመሪያው ፍሬ መራራ ነበር። በ1959 ቡድኑ 2 ጊዜ አሸንፎ 7 ጊዜ ተሸነፈ፤ በምድቡም የመጨረሻ ሆነ። ሰዎች በአሠልጣኙ ቤት ደጅ ላይ ቆሻሻ ጣሉ፤ በምስሉ አሻንጉሊት ሠርተው ሰቀሉት። ባለ ገንዘቦችም ውሉን ከፍለው ሊያባርሩት አሰቡ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ጥፋቱን ከጥቁሩ ኳርተርባክ ላይ ጥሎ በሌላ መተካት ነበር። ዋርማዝ ይህን አላደረገም። በእኔ አስተያየት ይህ ሰው ከሚገባው ያነሰ ምስጋና ነው የተሰጠው።

በሚከተለው ዓመት ያው ቡድን፥ ያው አሠልጣኝ፥ ያው ኳርተርባክ አገር የሚነጋገርበት ሆነ። ስቲቨንስ በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ በማጥቃት ብቻ ሳይሆን በመከላከልም ይሰለፍ ነበር፤ ኳሱን በእግር መትቶ የሚያርቀውም እርሱ ነበር። በኅዳር 5 ቀን 1960 ሚኒሶታ በአገሪቱ አንደኛ ከነበረው ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋጠመ። የሚያስገርመው የአዮዋም ኳርተርባክ ዊልበርን ሆሊስ ጥቁር መሆኑ ነው። ሚኒሶታ 27 ለ10 አሸነፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጋጠሙ አሸናፊው የሚወስደው ሽልማት ከነሐስ የተሠራ አሳማ ነው። ነገሩ ያስቃል፤ አመጣጡ ግን አያስቅም። በ1934 የአዮዋው ጥቁር ተጫዋች ኦዚ ሲመንስ ከሚኒሶታ ጋር ሲጫወት ክፉኛ ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ፤ የአዮዋ ሕዝብም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ ቂም ያዘ። በ1935 ጠብ እንዳይነሣ የሁለቱ ግዛቶች ገዢዎች በእውነተኛ አሳማ ተወራርደው ነገሩን ወደ ሣቅ ለወጡት። እንግዲህ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በዚያው ውድድር የሁለቱም ቡድን አዛዦች ጥቁሮች መሆናቸውን ስናስብ፥ ዘመኑ ምን ያህል እንደ ተራመደ እንረዳለን።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ሚኒሶታ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። ማዕረጉ የሚሰጠው ከመጨረሻው ታላቅ ግጥሚያ በፊት ስለ ነበር፥ በጥር 1961 በካሊፎርኒያ በሮዝ ቦውል ሜዳ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ 17 ለ7 ቢሸነፍም ማዕረጉ አልተነሣበትም። ይህ ለሥርዓት የማይመች ቢመስልም የዘመኑ ልማድ ነበር።

በ1961 ዕድል እንደገና በሩን አንኳኳች። የምድቡ አንደኛ የነበረው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን፥ ጨዋታ ትምህርትን እየጋረደ ነው ብለው ቡድናቸው ወደ ሮዝ ቦውል እንዳይሄድ ወሰኑ። (እኛ ተማሪዎች በዚህ ውሳኔ ላይ ክርክር ብናደርግበት ሁለት ቀን የሚበቃን አይመስለኝም።) በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ሚኒሶታ ተጠራ። በጥር 1 ቀን 1962 ከሎስ አንጀለስ ከመጣው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር ተጋጥሞ 21 ለ3 ረታ። ኳሱ ከመጨረሻው መስመር ካለፈባቸው ሦስት ጊዜያት ሁለቱን ያስቈጠረው ስቲቨንስ ነው፤ የዕለቱም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዚያው የውድድር ዘመን ለመላው አሜሪካ ምርጥ ቡድን ሲመረጥ፥ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በኳርተርባክነት ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች በሚሰጠው በሄይዝማን ሽልማት አራተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣውና ይህን ሽልማት በመውሰድ ከጥቁሮች የመጀመሪያው የሆነው ማን ይመስላችኋል? የዩኒየንታውኑ ልጅ ኤርኒ ዴቪስ ነው። ዴቪስ ግን በደም ካንሰር ታሞ በ1963 በ23 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ለደመወዝ የሚጫወቱት የአሜሪካ ቡድኖች በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በተራ ይመርጣሉ። በዚያን ዘመን ሁለት ተፎካካሪ ማኅበራት ስለ ነበሩ አንድ ልጅ በሁለት ቡድን ሊመረጥ ይችል ነበር። ስቲቨንስን በአንዱ ማኅበር ኒው ዮርክ ታይታንስ በአንደኛው ዙር፥ በሌላው ማኅበር ክሊቭላንድ ብራውንስ በሁለተኛው ዙር መረጡት። ይህ የሚያሳየው ችሎታውን መካዳቸውን አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ፈልገውታል። ነገር ግን ሁለቱም በኳርተርባክነት ሊያሰልፉት አልፈለጉም። ይሩጥ፥ ይከላከል፥ ግን አያዝዝ፤ ነገሩ ይህ ነው።

አንዳንድ ሰው ውርወራው ሁልጊዜ የሰላ አልነበረም ብሎ ይከራከር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሚኒሶታ ከመወርወር ይልቅ በሩጫ የሚያምን ቡድን ነበር። ቢሆንም አንድ ሰው ችሎታው የሚታወቀው ሲሞከር ነው። ሞክረውት ቢወድቅ ኖሮ ማንም ባላዘነ፤ እርሱ ግን ሳይፈተን ነው የወደቀው።

ስቲቨንስ ቦታዬን አልለውጥም ብሎ ወደ ካናዳ ተሻገረ። ይህን መንገድ ከእርሱ በፊት የሄደበት ሰው ነበር፤ በ1951 ያው የክሊቭላንድ ቡድን በርኒ ከስቲስ የተባለውን ጥቁር ኳርተርባክ ወደ ተከላካይነት ሊለውጠው ሲል፥ ከስቲስ ወደ ካናዳዋ ሃሚልተን ሄዶ በቦታው ተጫውቷል። የካናዳው ጨዋታ ከአሜሪካው ትንሽ ይለያል፤ ሜዳው 110 ያርድ፥ ሰዎቹ 12፥ ሙከራውም 3 ብቻ ነው። ስቲቨንስ በሞንትሪያል፥ በኋላም በቶሮንቶ ተጫወተ። በ1964 ግን ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ሐኪሞችም እንኳን ሊጫወት ዳግመኛ መራመዱንም ተጠራጠሩ። እርሱ ግን በትዕግሥት ሰውነቱን አጠንክሮ ተነሣ፤ ከ1968 ጀምሮ በካንሳስ ሲቲ ቡድን ውስጥ ልምምድ እስከ ማድረግ ደረሰ። ሆኖም ጊዜው አልፎበት ነበር።

በዚያው በ1968 ማርሊን ብሪስኮ የተባለ ጥቁር ወጣት በዴንቨር ቡድን በኳርተርባክነት ተሰለፈ። ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ቡድን ሄዶ ኳስ ተቀባይ ሆነ። ከ1973 እስከ 1976 የሚኒሶታ ኳርተርባክ የነበረው ቶኒ ደንጂም ከኮሌጅ ሲወጣ ማንም ስላልመረጠው፥ በፒትስበርግ ቡድን ተከላካይ መሆን ግድ ሆነበት። ደንጂ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ በ2007 ሱፐር ቦውል የተባለውን የመጨረሻ ግጥሚያ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆኗል። በኳርተርባክነት ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ደግሞ በ1988 ዳግ ዊልያምስ ነው። በ2023 የሁለቱም ተጋጣሚ ቡድኖች ኳርተርባኮች ጥቁሮች ነበሩ።

ስቲቨንስ ይህን የመጨረሻውን አላየም። በሰኔ 6 ቀን 2000 በሚኒሶታ ግዛት በ59 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው 15 ቍጥር ማልያውን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው አደረገ፤ በ2011ም ለኮሌጅ ፉትቦል የክብር አዳራሽ ተመረጠ። ለደመወዝ በሚጫወቱት የአሜሪካ ቡድኖች መዝገብ ውስጥ ግን በኳርተርባክነት የተሰለፈበት አንድም ጨዋታ አይገኝም።