እግር ላይ የወጣ ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

የዛሬው ጉዳያችን እግር ነው። ስለ ፊትና ስለ ፀጉር ብዙ ተወርቷል፤ ቲክቶኩ ሁሉ የእነሱ ነው። እግር ግን ካልታመመ የሚያስታውሰው የለም፣ ሲታመም ደግሞ በካልሲ ይደበቃል።

ነገሩን ያነሳሁት በሁለት ፎቶዎች ምክንያት ነው። ደምበጫ ያለችው የአክስቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። የውስጥ እግሯን አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝና «ጋሼ፣ ይቺ ነገር ኪንታሮት ናት እንዴ? ስረግጥ ትወጋኛለች» አለችኝ። ጤና ነክ ነገር ስለምጽፍ ዘመዶቼ ሐኪም አድርገውኛል፤ አይደለሁም። ፎቶውን ለማውቀው የቆዳ ሐኪም አሳየሁት፣ ኪንታሮት ነው አለኝ። መልሱን ስነግራት ወዲያው ሌላ ፎቶ መጣ። ሥሩ ላይ «የእማዬስ?» ይላል። ያኛው ግን ኪንታሮት አልነበረም። (ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። ኪንታሮት ስንል በአማርኛ ሁለት ነገር ነው የምንለው፤ መቀመጫ ላይ የሚወጣውም፣ እጅና እግር ላይ የሚወጣውም አንድ ስም ነው ያላቸው። ፋርማሲ ገብታችሁ «የኪንታሮት መድኃኒት» ብቻ ካላችሁ የሌላኛውን ቅባት ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ፤ «የእግር» በሉ። የእግሩ ኪንታሮት የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባለው የቫይረስ ቤተሰብ ነው። ልጅ ሆነን ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ይወጣበታል ይሉን ነበር፤ ኮከቡ ነፃ ነው። ቫይረሱ የሚገባው በተሰነጠቀ ወይም ውሃ ባራሰው ቆዳ በኩል ስለሆነ የጋራ ሻወር፣ የዶርም መታጠቢያ፣ የተዋዋሱት ነጠላ ጫማና ፎጣ መተላለፊያዎቹ ናቸው። ከገባ በኋላ ደግሞ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው፤ ስለዚህ ከማን እንደያዛችሁ ለማወቅ አትድከሙ።

በምን ይለያል? ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ የሰውነት ክብደት ስለሚጫነው ወደ ውጭ ከማደግ ይልቅ ወደ ውስጥ ይገባል። የእግር ቆዳ ልክ እንደ ጣት አሻራ መስመር አለው። መስመሩ ኪንታሮቱ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ጫማ ጨቁኖት በጠጠረ ቆዳ ላይ ግን አይቋረጥም። መሃሉ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ብዙ ሰው እንደሚለው «ሥር» አይደሉም፤ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ደግሞ ከላይ ከመጫን ይልቅ ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ያማል።

ሕክምናው ትዕግሥት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ላይ፣ በተለይ ልጆች ላይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ካስቸገረ ፋርማሲ የሚሸጥ ሳሊሲሊክ አሲድ አለ፤ እግርን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ የሞተውን ቆዳ በመፈተጊያ ድንጋይ ፈተግ አድርጎ (ድንጋዩን ለሌላ ሰው ሳያውሱ)፣ በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት መቀባት ነው። ሐኪም ቤት ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙታል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዞች 240 ሰዎች ላይ ሁለቱን አወዳድረው ያወጡት ጥናት ነበር፤ በ12 ሳምንት ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው በሁለቱም ወገን 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ «በሦስት ቀን ድራሹን አጠፋዋለሁ» የሚላችሁን ቪዲዮ በዚህ መዝኑት። ምላጭ፣ የባትሪ አሲድ፣ የቁልቋል ወተት ይቅርባችሁ፤ የሚተርፈው ቁስል ከኪንታሮቱ ይብሳል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ሳሊሲሊክ አሲዱንም ሐኪም ሳያማክር መንካት የለበትም። ስለ ኪንታሮት ይሄው ነው፤ ያናድዳል እንጂ ሕይወት አያበላሽም።

የአክስቴ እግር ግን ሌላ ነው። ፎቶው ላይ ጣቶቿና የጣቶቿ ሥር ጥቃቅን፣ ሻካራ፣ የተጠጋጉ ጉብታዎች ወርሰዋቸዋል፤ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት ይመስላሉ። ለብቻው ላየው ሰው «ኪንታሮት በዛባት» ያሰኛል። ሐኪሙ ግን ጥያቄ ጠየቀ። አንድ እግሯ ላይ ነው ሁለቱም? ሁለቱም። እግሯ ከፊት ሰፍቷል? አዎ፣ የድሮ ጫማዋ አይገባትም። ማታ ማታ ያቃጥላታል? አዎ። እብጠቱ ጠዋት ይቀንሳል? ድሮ ይቀንስ ነበር፣ አሁን አይቀንስም። ከየት ነው የጀመረው? ከጣቷ፣ ከዚያ ወደ ላይ። «ፖዶኮኒዮሲስ ይመስላል፣ ጤና ጣቢያ ይዩዋት» አለ። እኛ ዝሆኔ የምንለው ነው።

ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የሚባል፣ እዚህ አገር የሠራ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ከግሪክ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት ገጣጥሞ። ትንኝ የምታመጣው የቆላው ዝሆኔ ሌላ ነው። የደጋውን የሚያመጣው ጀርም አይደለም፣ ትል አይደለም፣ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ። የሰውነት ፈሳሽ የሚመለስባቸውን ሊምፍ የሚባሉ ቀጫጭን መስመሮች ያስቆጣሉ፣ ቀስ በቀስም ይደፍኗቸዋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ያ ሽበት የሚመስለው ነገር ይወጣል። ለዚህ የሚመቸው ከፍ ያለና ዝናብ የበዛበት ቀይ አፈር ነው። ደምበጫን የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይነቃል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ ጭቃ፣ በጋዋ አቧራ የሆነ አገር ናት።

ይህን በግምት አይደለም የምለው። ደምበጫና ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ውስጥ ቤት ለቤት ተዙሮ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል። ከመቶ ሰው 3.3ቱ ይህ በሽታ ነበረበት። ከታማሚዎቹ 87 በመቶ የሚሆኑት ከ15 እስከ 64 ዓመት ያሉ፣ ማለትም አርሶ፣ ነግዶ፣ ቤት ይዞ የሚያኖር ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ያ ሻካራ ጉብታ 97.9 በመቶው ላይ ነበር። ሕክምና የፈለጉት በአማካይ እብጠቱ ከጀመረ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይሄ ነው፦ እግሩ በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላል፤ አክስቴ «ምች መታኝ» የምትለው ማለት ነው። በአማካይ አንድ ታማሚ በዓመት 5 ጊዜ እንዲህ ይነሳበታል፣ በድምሩም 90 ቀን በዚህ ሥቃይ ያሳልፋል። ከዓመቱ ሩቡ ማለት እኮ ነው። በእርሻ ወቅት ሲሆን አስቡት። በአገር ደረጃ ደግሞ በኋላ የተሠራ ግምት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይናገራል።

አክስቴ ለምን ዝም አለች? ልጇ እንደነገረችኝ ለታላቅ ወንድሟ ሽማግሌ ሊላክ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች የእናትየውን እግር ካዩ «ዘራቸው ነው» ብለው ይመልሱናል ብላ ስለፈራች ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ፣ ገበያም ቀርታ ትጠብቃለች። «ሽምግልናው ይለፍና እታከማለሁ» ነው የምትለው። ይህን ስጽፍ ጤና ጣቢያ ገና አልሄደችም።

«ዘር ነው» የሚለው ወሬ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ግማሽ እውነት አለው፣ ለዚህ ነው የማይሞተው። ወላይታ ላይ በተሠራ ጥናት የታማሚ ወንድምና እህት ከሌላው ሰው ወደ 5 እጥፍ የሚጠጋ ዕድል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ባወጡት ሥራ የሰውነት መከላከያችንን ከሚመሩት ጂኖች አንዳንዶቹ ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አሳይተዋል። ግን በዘር የሚወረሰው ለአፈሩ መቆጣት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። አፈር ያልነካው እግር የማንም ዘር ቢሆን አያብጥም። ድሮ በሰሜን አፍሪካና በአውሮፓ አንዳንድ ቦታዎችም ነበረ፤ ሰው ጫማ ሲለምድ ጠፋ። ዘራቸው አልተለወጠም፣ ጫማቸው ነው የተለወጠው። ስለዚህ ሽማግሌ ተቀባዩ ቤተሰብ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ካለ «ልጆቹ ከትንሽነታቸው ጫማ ያደርጋሉ ወይ?» የሚለው ነው። ደግሞ አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ ያበጠውን እግር በእጅ በማጠብም አይተላለፍም። የዶርሙ ኪንታሮት ይተላለፋል፣ እሱን ማንም አይፈራውም።

ሕክምናስ? አለ፣ በአብዛኛውም ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። በየቀኑ እግርን በንጹሕ ውሃና ሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር። በጣም በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍም አለበት፤ ልኩን ግን የጤና ባለሙያ ይንገራችሁ፣ በግምት አታፍስሱት። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ባለሙያ ባሳየው መንገድ ፋሻ መጠቅለል። ሲቀመጡ እግርን በርጩማ ላይ ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትንና ጣቶችን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ። ያ «ምች» ሲነሳ ፋሻውን ፈትቶ መተኛት፣ እግርን ከፍ አድርጎ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማብረድ፣ ፓራሲታሞል መውሰድ ነው፤ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ወይም ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ።

ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል፣ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ላይ 696 ታማሚዎች ለሁለት ተከፍለው ተሞክሯል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጣ። ወዲያው እንክብካቤ የጀመሩት ላይ ሕመሙ በዓመት 19.4 ጊዜ ሲነሳ፣ ገና ተራ በሚጠብቁት ላይ 23.9 ጊዜ ነበር። ተአምር አይደለም፤ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው የቀነሰው። ግን በዓመት አራት ጊዜ ከመውደቅ መዳንን ለአርሶ አደር ንገሩትና ምን እንደሚልላችሁ ስሙ። ገና በጅምሩ ከተያዘማ እብጠቱ ወደ ኋላ ሊመለስም ይችላል። ባለው የክልሉ ሁኔታ መንገዱም ጤና ጣቢያውም እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ደግሞ በሳሙናና በውሃ የሚሠራ ነገር መኖሩ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እግር ማጠብ እኮ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማታ ለአባወራውና ለእንግዳ ውሃ ለብ ተደርጎ ይቀርባል፣ ልጅ ዝቅ ብሎ ያጥባል፤ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይታጠባል። የእናት እግር ሲታጠብ ግን ስንቶቻችን አይተናል? ያ የደምበጫና የደብረ ኤልያስ ጥናት ሲጠና ከተጠየቁት 23.6 በመቶው ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ከእነሱ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ሴቶች። ውሃ የምትቀዳዋ፣ ውሃ የምታሞቀዋ፣ የራሷ እግር ግን ጭቃ ውስጥ ያለው እሷ ናት። የአክስቴ ልጅ አሁን ማታ ማታ የእናቷን እግር ታጥባለች። መጀመሪያ አካባቢ አክስቴ «ተይ፣ ነውር ነው» ትል ነበር አሉ።

ጫማን በተመለከተ ነጠላ ጫማ አቧራ አያስቀርም። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፣ ካልሲ ከተደረገበትና ውስጡ ከታጠበ። ብዙ ሰው ውጭ አድርጎት የነበረውን ጫማ እቤት ሲገባ ያወልቃል፤ ወለሉ አፈር ከሆነ ግን ያው አፈር ነው። በጥናቱ ሰዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉበት መካከለኛ ዕድሜ 22 ነው፤ በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በፊት፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ገጠር አድጋችሁ አሁን ከተማ ያላችሁ፣ የእግራችሁ ፊት ላይ የሚያሳክክ፣ ማታ የሚያቃጥል፣ ውሎ የሚያብጥና አድሮ የሚጎድል ነገር ካለ ስኒከር ስላደረጋችሁ ብቻ አትተዉት።

ቤት ስትሄዱ የእናቶችንና የአክስቶችን እግር ፎቶ ለማንሳት ካሰባችሁ መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ ፊት አይግባበት። ሁለቱንም እግር ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከውስጥ እግር በኩል አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጡ። መቼ እንደጀመረና በዓመት ስንቴ እንደሚነሳ ጻፉበት። ቡድን ውስጥ አትለጥፉት፤ ለጤና ባለሙያ ብቻ አሳዩት።