መኪና መኪናን ሲወልድ

ራሱን የሚመስል ዘር መተካት ለሕያው ፍጥረት ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ከቶ ዕቃን አይወልድም ተብሎ ሲታመን በኖረበት ዓለም፣ በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህር የነበሩት ዶክተር ኤድሪያን ቦየር የገዛ አካሉን ክፍሎች የሚያትም መኪና ለመሥራት አስበው፣ በ2005 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሬፕራፕ የተባለውን ሥራ ጀመሩ።

የሕትመቱን ጥበብ አስቀድሞ ያገኘው አሜሪካዊው ስኮት ክራምፕ ነው። ለትንሽ ልጁ የእንቁራሪት አሻንጉሊት ልሥራ ሲል የጀመረው ይህ ብልኃት፣ የፕላስቲክ ክር በጋለ ጠባብ አፍ ውስጥ ሲያልፍ እንዲቀልጥ፣ አፉም በሞተር ኃይል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ቅላጩን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ውፍረት እንዲያነጥፍ፣ አንዱ ንጣፍ ሲጠነክር ሌላው በላዩ እንዲደረብ፣ በዚህም ኮምፒዩተሩ የያዘው ሥዕል ጥቂት በጥቂት ሥጋ እንዲለብስ የሚያደርግ ነው። ዳሩ ግን የክራምፕ ፓተንት እስከ 2009 የጸና፣ የመኪናውም ዋጋ እጅግ ውድ ስለ ነበር፣ ተራው ሰው ወሬውን ከመስማት በቀር ሊደርስበት አልቻለም።

ዳርዊን የተባለው የቦየር መኪና ግንቦት 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር (ሜይ 29 ቀን 2008) የመጀመሪያ ልጁን አስገኘ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መኪናው ያተመው የፕላስቲኩን ክፍል ብቻ ነው፤ ሞተሩ፣ ብሎኑ፣ ኩሽኔታውና የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ከገበያ ተገዝተው በሰው እጅ የተገጣጠሙ ስለሆነ፣ መኪናው ራሱ ወለደ ማለት አዋላጁን መርሳት ነው።

በእኔ አስተያየት የተዋለደው ንድፉ ነው። ቦየር ንድፉን ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ለቀቁት፤ ይኸውም ማንም ሰው እንዲቀዳው፣ እንዲለውጠውና እንዲሸጠው የሚፈቅድ፣ ነገር ግን ያሻሻለውን ለሌሎች ሲያስተላልፍ በዚያው ሕግ እንዲያካፍል የሚያስገድድ ውል ነው። ቁም ጸሐፊ የቀደመውን ስሕተት በኅዳግ እያረመ መጽሐፍ እንደሚገለብጥ፣ ንድፉም በተቀዳ ቁጥር ይታረም ጀመር። ቀድሞ የፕላስቲክ ዕቃ ለመሥራት ውድ የብረት ቅርጽ ማስቀረጽ ግድ ስለ ነበር ስሕተት ብዙ ገንዘብ ያስከፍል ነበር፤ አሁን ግን ረፋድ ላይ የተሰበረው ክፍል ሥዕሉ ተስተካክሎ ማታውን በአዲስ መልክ ይታተማል። በ2009 የወጣውን ሜንዴል የተባለ ሁለተኛ ሞዴል፣ በፕራግ የሚኖረው ወጣት ዮሴፍ ፕሩሻ በማግስቱ ዓመት አቅልሎ ሲያቀርበው፣ በየአገሩ ያሉ የእጅ ጥበብ ወዳጆች የእርሱን ንድፍ ይዘው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዚህ ማኅበር የወጣ ሁሉ ግን ውለታውን አልመለሰም። በኒው ዮርክ ብሩክሊን በ2009 የተቋቋመው ሜከርቦት የተባለ ኩባንያ በግልጽ ንድፍ ካደገ በኋላ በ2012 የአዲሱን ሞዴል ንድፍ ዘጋ፤ በማግስቱም ዓመት ክራምፕ ለመሠረተው ለስትራታሲስ ኩባንያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት አክሲዮን ተሸጠ። ነጋዴ ትርፍ መፈለጉ አያስነቅፍም፤ ከጋራ ጎተራ በልቶ በሩን መዝጋት ግን ያስነቅፋል።

ቦየር ራሳቸው ከሌሎች ጋር ያቋቋሙት ሬፕራፕፕሮ የተባለ ድርጅት በ2016 መጀመሪያ ሥራውን አቆመ፤ ምክንያቱም ገበያው በርካሽ ማተሚያዎች ስለ ተጥለቀለቀ ነው። ከእነዚያም ብዙዎቹ ከሬፕራፕ ንድፍ የተወለዱ ናቸው።